ጭስ፣ ካሜራ፣ ቀለም ወይስ ግፊት? የቤትዎን የፍሳሽ መስመር በየትኛው ያስፈትሹ?

ወረቀቱ በበራችን እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሚቀጥሉት ቀናት በመንገዳችን የፍሳሽ መስመር የጭስ ፍተሻ እንደሚካሄድ፣ ጭሱ እንደማይጎዳ፣ ከዚያ በፊት ግን በየውኃ መውረጃው ውኃ እንድናፈስስ ይገልጻል። ከፒዛ ቤት ማስታወቂያ ጋር አጥፌ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ከምድር ቤት ተጣራች፦ «አንተ! እዚህ ታች ዕጣን ለኩሰህ ረሳኸው እንዴ?»

ወረድኩ። ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን፣ ወለሉ ላይ ካለችው ክብ የብረት ወንፊት ነጭ ጭስ እየተጎተተ ይወጣል። እናቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ዕጣንስ ይሸታል» አለች፤ «ይህ ምንም አይሸትም።» ወዲያው የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸና ሁለታችንም ደንግጠን ደረጃውን በሩጫ ወጣን።

በማግስቱ የጠራሁት የቧንቧ ባለሙያ የካሜራ ምርመራ ያስፈልጋል አለኝ። 400 ዶላር ከፈልኩ። ካሜራው ከቤታችን ተነሥቶ እስከ ዋናው መስመር ተጉዞ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የሌለበት ቧንቧ አሳየን። ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ? ሰውየው ዕቃውን እየሸከፈ ነበር፤ መልስ አልነበረውም። መልሱን የነገረኝ ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ ነው፦ «ያ ወንፊት ላይ ውኃ ያፈሰሳችሁበት ጊዜ መቼ ነው?» ከገባንበት ቀን ጀምሮ ማንም አፍስሶበት አያውቅም፤ ከሥሩ ሆኖ ጭሱን ማገድ የነበረበት ውኃ ደርቆ ነበር።

ካሜራው አልዋሸኝም፤ ያልጠየቅኩትን አልመለሰም እንጂ። ራጅ የደም ግፊት እንደማይለካ ሁሉ፣ ከፍሳሽ ፍተሻዎች እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ ለየብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቤት የገዛ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ከአራቱ ከአንዱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጥያቄዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

የጭስ ፍተሻ፦ ጥያቄው የከተማው ነው

ከመንገዱ ሥር ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ቧንቧዎች አሉ። አንዱ ከሽንት ቤት፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ የሚወጣውን ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይወስዳል። ሌላው የዝናብ ውኃን ወደ ወንዝ ያደርሳል። ችግሩ የዝናቡ ውኃ በተሰነጠቀ ቧንቧ፣ በተሰበረ ክዳን ወይም አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በስህተት ባገናኘው የጣሪያ አሸንዳ በኩል ወደ መጀመሪያው ሲገባ ነው። በአንድ ቤት አሸንዳ ቧንቧው አይሞላም። የመቶ ቤት አሸንዳ ግን ኃይለኛ ዝናብ በዘነበ ቀን መስመሩን አስጨንቆ ፍሳሹን ወይ ወደ ወንዝ፣ ወይ ወደ ሰው ምድር ቤት ይመልሰዋል።

የጭስ ፍተሻ የሚፈልገው እነዚህን ቀዳዳዎች ነው። ሠራተኞቹ የማንሆል ክዳን ከፍተው በላዩ ላይ አየር የሚነፋ ሞተር ያስቀምጣሉ። ብዙ ጊዜ ጭሱ የሚሠራው ዘይት መሰል ፈሳሽ በሞተሩ ሙቀት እንዲተን በማድረግ ነው። አንዳንዶች እንደ ጧፍ የሚለኮስ የጭስ ሻማ ይጠቀማሉ፤ ይህኛው ጉሮሮን ሊከረክር ይችላል። ጭሱ በቧንቧው ውስጥ ይሄድና መውጫ ባገኘበት ሁሉ ይወጣል። ሌሎቹ ሠራተኞች በመንገዱ ወዲያና ወዲህ እየተዘዋወሩ ያዩትን ፎቶ ያነሳሉ። አንዱ ክፍል ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል፤ ጭሱም መስኮት ሲከፈት ቶሎ ይጠፋል።

ጣሪያዎ ላይ ካለው የአየር መተንፈሻ ቧንቧ ጭስ ሲወጣ ካዩ አይደንግጡ፤ መስመርዎ በትክክል እየተነፈሰ ነው ማለት ነው። ከሣሩ መሀል ከወጣ ግን ከቤትዎ የሚወጣው ቧንቧ መሬት ውስጥ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ከአሸንዳ መውረጃ ከወጣ የጣሪያዎ ውኃ ወደ ፍሳሹ መስመር እየገባ ነው፤ ከከተማው የአስተካክል ደብዳቤ ይጠብቁ። እዚህ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ ከከተማይቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ በተለይ አሮጌው ክፍል፣ ዝናብና ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ የሚሄዱበት ነው። እዚያ አሸንዳው ከቧንቧው ጋር መገናኘቱ ስህተት ላይሆን ስለሚችል፣ ከአሸንዳ የሚወጣ ጭስ ትርጉሙ ከከተማይቱ ውጭ በሜሪላንድ ዳርቻ ከሚወጣው ይለያል።

ለቤት ባለቤት ትልቁ ጥቅም ግን ቤት ውስጥ የሚወጣው ጭስ ነው። ጭስ የሚያልፍበት ቦታ የፍሳሽ ጋዝም ያልፍበታል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከተማው ለራሱ ጉዳይ በነጻ ያመጣልዎት ምርመራ ስለሆነ፣ የወጣበትን ቦታ ልብ ብለው ይመልከቱ። ከሽንት ቤት መቀመጫው እግር ሥር ከወጣ ከታች መቀመጫውን ከወለሉ ቧንቧ ጋር የሚገጥመው የሰም ቀለበት ሞቷል። ከግድግዳ ውስጥ ወይም ከቁም ሳጥን ኋላ ከወጣ የመተንፈሻው ቧንቧ ተሰብሯል ወይም ተላቅቋል። ከወለል ወንፊት ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኛ ቤት ነው።

ጭስ ስላልታየ ግን ቧንቧው ጤነኛ ነው ብለው አይደምድሙ። ጭስ ውኃን አያልፍም። መስመሩ መሀል ላይ ሰርጉዶ ውኃ ካቆረ፣ ወይም በአሮጌ ቤቶች እንደሚታየው ከመውጫው አጠገብ ለመላው ቤት አንድ ትልቅ ሲፎን (ውኃ ይዞ የሚቆይ ጥምዝ ቧንቧ) ካለ፣ ጭሱ እዚያ ይቆማል፤ ጣሪያዎም ላይ ላይታይ ይችላል። አፈሩ ከረጠበ ደግሞ ስንጥቁ በውኃ ስለሚደፈን ምንም አይወጣም። ፍተሻው ደረቅ ወቅት ተመርጦ የሚካሄደው ለዚህ ነው።

ከፍተሻው በፊት

ዋናው ነገር ሲፎን ነው። በእያንዳንዱ መታጠቢያና ወለል መውረጃ ሥር ያለው ጥምዝ ቧንቧ ሁልጊዜ ውኃ ይዞ መቆየት አለበት፤ በአሜሪካ በሰፊው በሚሠራበት የቧንቧ ሥራ ደንብ መሠረት ከ2 እስከ 4 ኢንች፣ ማለትም ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። በእርስዎና በመላው የከተማ ፍሳሽ መካከል ያለው በር ይህ አንድ እፍኝ የማይሞላ ውኃ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ በኤስ ቅርጽ የተጠመዘዘውን ቧንቧ ከውኃ ማፍሰሻ ሽንት ቤት ጋር አጣምሮ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ውኃው ግን ይተናል። ማንም የማይጠቀምበት መውረጃ በሳምንታት ውስጥ ሊደርቅ ይችላል፤ ማሞቂያ በሚሠራበት ክረምት ደግሞ ይፈጥናል። ለወራት ተዘግቶ የከረመ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲከፈት በር ላይ የሚቀበለው ሽታም ከዚሁ የመጣ ነው።

ነገሩን እንደ ቀላል የሚያየው ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ ሕንፃ የሆነውን ቢሰማ አይቀልለውም። ሳርስ በተባለው የሳንባ በሽታ ወረርሽኝ ጊዜ በዚያ ግቢ ከ300 በላይ ሰዎች ታመሙ። መርማሪዎች ከጠቆሟቸው መንገዶች አንዱ የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲፎኖች መድረቅ ነበር፤ የአየር ማውጫው ማራገቢያ በደረቀው ቧንቧ በኩል አየሩን ወደ ቤት ይስበው ነበር።

ስለዚህ ማስታወቂያው እንደመጣ በቤቱ ይዙሩ። ወጥ ቤትና ዘወትር የምትታጠቡበት ክፍል አያሳስብም፤ በየቀኑ ውኃ ያገኛሉ። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው፦ ከውኃ ማሞቂያው አጠገብ ያለው የወለል ወንፊት፣ እንግዳ ካልመጣ የማይከፈተው መታጠቢያ ቤት፣ ተከራዩ ከወጣ በኋላ የተዘጋው የምድር ቤት ሻወር፣ አሮጌው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ማሽኑ ተነሥቶ የቀረው የማሽን ፍሳሽ ቧንቧ። በየአንዳንዱ አንድ ሁለት ሊትር ውኃ ያፍስሱ፤ ለወለል ወንፊት ጨመር ያድርጉ። ከላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ ቢያደርጉበት ውኃው ቶሎ አይተንም። በሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ ውኃ መኖሩንም አይተው ይለፉ።

ከውኃው ቀጥሎ ሰው ነው፤ በእኛ ቤቶች ደግሞ ከውኃው ይበልጣል። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ወይም ሆስፒታል ሲሠራ አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው ካለ በሩ ላይ ማስታወሻ ይለጥፉለት። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናት ወይም አባት ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ ቀደም ብለው በአማርኛ ያስረዷቸው። እኔ ይህን ባለማድረጌ እናቴ ለአንድ ሳምንት ወደ ምድር ቤት አልወርድም ብላ ነበር። አስም ያለበት ሰው ካለ በወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ ደውለው ያሳውቁ፤ በዚያን ሰዓት ከቤት ቢወጣ ይሻላል። ውሻውንም ብቻውን አይተዉት።

ጭስ ቢገባ መስኮት ይክፈቱ፣ ከክፍሉ ይውጡ፣ ከየት እንደወጣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ መንገድ ላይ ላሉት ሠራተኞች ይንገሩ። ነገር ግን ሠራተኞቹን በዓይንዎ ካላዩ ወይም ጭሱ የመቃጠል ሽታ ካለው ፍተሻ ነው ብለው አይቀመጡ፤ ወጥተው 911 ይደውሉ። ለፍተሻው ሲባል ሠራተኞቹ ወደ ቤትዎ መግባት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልጋቸውም። በዚያን ቀን «ልፈትሽ ልግባ» የሚል ሰው ቢመጣ መታወቂያውን ይጠይቁ፤ ካላመኑት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሳይደውሉ አያስገቡ።

ካሜራ፦ ቧንቧው በምን ሁኔታ ላይ ነው?

አሮጌ ቤት ሊገዙ ከሆነ ከአራቱ ያለ ማመንታት ካሜራውን እመርጣለሁ። የተለመደው የቤት ፍተሻ ባለሙያ ጣሪያውን፣ ኤሌክትሪኩንና ማሞቂያውን ያያል፤ መሬት ሥር ያለውን ቧንቧ ለብቻው ካላዘዙት አያየውም። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 500 ዶላር ነው፤ መስመሩን ቆፍሮ መቀየር ግን ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል።

ካሜራው የሚያሳየው የዛፍ ሥር የገባበትን መገጣጠሚያ፣ ሰርጉዶ ውኃ ያቆረውን ቦታ፣ የተሰበረውን፣ እንዲሁም ቧንቧው ከምን እንደተሠራ ነው። የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተሠሩ አንዳንድ የአሜሪካ ሰፈሮች ኦሬንጅበርግ የሚባል ቧንቧ ተቀብሯል፤ ተጨምቆ በሬንጅ ከተነከረ ከወረቀት መሰል ነገር የተሠራ ነው። ከጊዜ ብዛት ይጠፈጠፋል፣ ይላላጣል። ገና አንድ ጊዜም ተደፍኖ ባያውቅ እንኳ፣ ኦሬንጅበርግ ከታየ በቤቱ ዋጋ ላይ እንደገና የሚነጋገሩበት ምክንያት አገኙ። የሸክላ ቧንቧ ግን ሥር ካልገባበትና ካልተሰበረ ገና ብዙ ሊያገለግል ስለሚችል፣ «አሮጌ ነው» በሚል ብቻ ይቀየር ቢሉዎት አይቸኩሉ።

የማያየውን እኔ በ400 ዶላር ተምሬዋለሁ። የደረቀ ሲፎን፣ የተበላ የሰም ቀለበት፣ ግድግዳ ውስጥ የተሰነጠቀ መተንፈሻ በካሜራው መንገድ ላይ አይደሉም። ከዚህ ሌላ፣ በምስሉ ላይ ደህና የሚመስል መገጣጠሚያ ውኃ ሊያስገባ ይችላል።

ሲያስፈትሹ ሙሉውን ቅጂ ይቀበሉ፤ ሦስት የተመረጡ ፎቶዎች በቂ አይደሉም። በምስሉ ጥግ ካሜራው የተጓዘው ርቀት መቁጠሩን፣ ጉዞውም እስከ ዋናው መስመር መድረሱን ያረጋግጡ። ችግር አለ ከተባለም ከቤቱ ስንት ጫማ ላይ እንደሆነ ይጠይቁ። ጉዳቱን ያገኘውና ጥገናውን የሚሸጥልዎ አንድ ሰው ከሆነ፣ ቅጂውን ይዘው ሁለተኛ ባለሙያ ጋ ይሂዱ።

ቀለም፦ አዎ ወይስ አይደለም?

ይህ ቀላሉ ነው። ብዙ ጊዜ ፍሎረሲን የተባለ፣ በውኃ ውስጥ ደማቅ አረንጓዴ የሚሆን ቀለም ወደ አሸንዳው ወይም ወደ ግቢው የውኃ መውረጃ ከውኃ ጋር ይጨመራል፤ ሌላ ሰው ማንሆሉ ውስጥ ይመለከታል። አረንጓዴው ከታየ ተገናኝቷል፤ ካልታየ አልተገናኘም። በፔንስልቬኒያ በፒትስበርግ ዙሪያ ባለው አሌጌኒ አውራጃ ብዙ ከተሞች ቤት ከመሸጡ በፊት ይህን ፍተሻ ያስገድዳሉ። ከጭስ ፍተሻ በኋላ «አሸንዳዎ ከፍሳሹ ጋር ተገናኝቷል» የሚል ደብዳቤ ደርሶዎት ካላመኑም፣ ክርክሩን በርካሽ የሚዘጋው ቀለም ነው። ቧንቧው ተሰንጥቋል ወይስ አልተሰነጠቀም ለሚለው ግን ብዙም አይረዳም።

ግፊት፦ ፈተናውን ያልፋል?

በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ቤት የሚሸጥ ወይም የሚገዛ ወገናችን ይህን ያውቀዋል። በዚያ አካባቢ ኢስት ቤይ ሙኒሲፓል ዩቲሊቲ ዲስትሪክት የተባለው የውኃና ፍሳሽ ድርጅት ከ2011 እ.ኤ.አ. በጀመረው ፕሮግራም፣ ቤት ሲሸጥ ወይም ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ እድሳት ሲደረግ የቤቱ የፍሳሽ መስመር እንደማያፈስስ የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ቧንቧው በሁለቱም ጫፍ ተደፍኖ በውኃ ወይም በአየር ይሞላል፤ ከያዘ አለፈ፣ ካልያዘ ወደቀ። መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተቀየረ ወረቀቱ ለ20 ዓመት፣ ሳይቀየር ካለፈ ለ7 ዓመት ያገለግላል።

ከአራቱ ጥብቁ ይህ ነው፤ የት እንደሚያፈስስ ግን አይናገርም። አሮጌ የሸክላ ቧንቧ መገጣጠሚያው ብዙ ስለሆነ ይህን ማለፍ ይከብደዋል። ስለዚህ ሕጉ ግድ ካላለዎት፣ ያለ ችግር እየሠራ ባለ አሮጌ መስመር ላይ በራስዎ ፈቃድ እንዲያስደርጉት አልመክርም። በኦክላንድ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን የሚያወጣው ሻጩ ይሁን እርስዎ፣ ውሉ ላይ ሳይጻፍ አይፈርሙ።

ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ የአፍንጫ ፍተሻም አለ። አንዱ ሠራተኛ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የፔፐርሚንት ዘይት ከሙቅ ውኃ ጋር በመተንፈሻው ይጨምራል፤ ሌላው ታች በየክፍሉ እያሸተተ ይዞራል። ጣሪያ ላይ የወጣው ሰው ሥራው እስኪያልቅ ቤት እንዳይገባ ይከለከላል፤ ሽታውን በልብሱ ይዞ ገብቶ ሁሉንም ስለሚያበላሽ።

በእርስዎ ቤት

ውኃው በደንብ እየወረደ ቤቱ ከሸተተ መጀመሪያ በየመውረጃው ውኃ ያፍስሱና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካልለቀቀ የቧንቧ ባለሙያ በትንሽ ማሽን ለእርስዎ ቤት ብቻ የሚያደርገውን የጭስ ፍተሻ ይጠይቁ፤ ጣሪያው ላይ ያለውን አፍ ደፍኖ ስለሚነፋ ከከተማው ይልቅ በግድግዳ ውስጥ ያለውን ስንጥቅ ያገኛል። መስመሩ በየጥቂት ወሩ የሚደፈን ከሆነ ጭሱን ይተዉትና ካሜራ ያስገቡ።

ጥገናው በማን ወጪ ነው የሚለው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለምሳሌ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃዎች፣ ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ ዋተር የተባለው የውኃና ፍሳሽ ድርጅት ኃላፊነት የሚወስደው ከዋናው መስመር እስከ ንብረትዎ ወሰን ላለው ነው፤ ከወሰኑ ወደ ቤት ያለው የእርስዎ ነው። የተለመደው የቤት መድን ተመልሶ የመጣ ፍሳሽ ለሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይከፍልም፤ ለብቻው የሚጨመር ሽፋን አለ። ውልዎ ውስጥ መኖሩን ከዝናቡ ወራት በፊት ይመልከቱ።

የ400 ዶላሩ ቅጂ አሁንም ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል። በ61ኛው ጫማ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች አንዲት የዛፍ ሥር ትታያለች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ አስገብቼ ምን ያህል እንዳደገች አያለሁ። እናቴም በስልክ በተገናኘን ቁጥር ከልጆቹ ቀጥላ የምትጠይቀኝ «ያ ወንፊት ውኃ ጠጣ?» ብላ ነው።